የጎረቤቷን ልጅ ከውድድር ያስወጣች አስጀማሪ

ሂስከ ድምፅዋን የወረሰችው ከአባቷ ነው። አባቷ ደጃፉ ላይ ቆሞ ላሞቹን ሲጠራ ከቦዩ ማዶ ያሉት የሰው ላሞች ሳይቀሩ ቀና ይሉ ነበር። እሷም ገና ልጅ ሳለች፣ የኦልደዋል መንደር ሰው በክረምት ሜዳው ላይ ውሃ ለቆ በረዶ ሲያስይዝ፣ እኩዮቿን አሰልፋ «ተዘጋጁ!» ስትል ጩኸቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ይሰማ ነበር። በብረት ጫማ በረዶው ላይ መንሸራተቱ ግን አልሆነላትም። ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈባት፣ ኩርባው ላይ ስትደርስ የሰከረች ዳክዬ ነበር የምትመስለው።

«ሂስከ፣ አንቺ በቃ ጩኺ፤ እኛ እንሩጥ» አሏት አንድ ቀን።

አልከፋትም። ጮኸች፤ እነሱም ሮጡ።

እንደ ጨዋታ የተጀመረው ነገር ከመንደር ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገር ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር እየጎተተ ወሰዳት። ሃምሳዎቹን ልታገባድድ ስትል በሄረንፌይኑ ትልቅ የበረዶ አዳራሽ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ የአገሩን ቀለም ብርቱካንማ ለብሶ በሚጮህበት ቦታ፣ ሽጉጥ ይዘው ከሚቆሙት ጥቂት አስጀማሪዎች አንዷ ነበረች። ሽጉጡ እንኳ የእውነት ሽጉጥ አይደለም። ሲስቡት ብልጭ ይላል፤ ድምፁ የሚወጣው ከሯጮቹ ኋላ ከተቀመጠ ማጉያ ነው።

በአዘቦቱ ቀን የላም ሰኮና ትከረክማለች። ሥራውን የጀመረችው ከባሏ ከዎበ ጋር ነበር፤ የእሱ ወገብ እምቢ ሲል ብቻዋን ቀጠለች። ላሟን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን የብረት ማሰሪያ በመኪናዋ ኋላ እየጎተተች ከእርሻ እርሻ ትዞራለች። በዚህ ሥራ አንድ ነገር ያላወቀ ሰው ጥርሱን ያጣል፤ ላም ከመራገጧ በፊት ዳሌዋ ይናገራል። «የሰውም ገላ ያው ነው» ትላለች ሂስከ። «እግሩ ከመሄዱ በፊት ሌላ ቦታው ይንቀሳቀሳል። እኔ የማየው እሱን ነው።»

ከቤቷ አጠገብ፣ ቦይ ብቻ በሚለያቸው እርሻ፣ ጉርበ የሚባል ባለ ላም ይኖራል። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ሲስቅ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። የጉርበን ላሞች ሰኮና ሂስከ ነች የምትከረክመው። የጉርበን ልጅ ማይተን ደግሞ በረዶ ላይ ያቆመቻት እሷ ነች። አንድ ብርቱ ክረምት ላይ የወጥ ቤት ወንበር ከቤቷ አውጥታ በረዶው ላይ አስቀመጠችና ሕፃኗን «ያዢና ግፊ» አለቻት። ማይተ ወንበሩን ሙጭጭ ብላ ያዘች፤ ሦስት ቀን አልለቅም አለች። በአራተኛው ቀን ሂስከ ወንበሩን ድንገት ስባ ወሰደችባት። ልጅቷ ትወድቃለች ሲባል አልወደቀችም። ተናዳ፣ እየተሳደበች፣ ወንበሯን ልታስመልስ ሂስከን ተከተለቻት። ያኔ ነው ጉርበ «ይቺ ልጅ ነገር አላት» ያለው።

ነገርም ነበራት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ ለአገሯ ቡድን ተመረጠች፤ የመጀመሪያው ትልቅ ውድድሯም እዚያው አፍንጫቸው ሥር፣ ሄረንፌይን ላይ ሆነ። ኦልደዋል አውቶቡስ ተከራየች። የድንች ጥብስ ሻጩ ሱቁን ቅዳሜና እሑድ ዘጋ፤ ይህን ያደረገው እናቱ ስትሞትና ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሂስከ ወደ ዋናው ዳኛ ክፍል ሄደች። ዳኛው ሎታር የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ለብዙ ዓመት አብረው ሠርተዋል።

«ሎታር፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ነገ አምስት መቶ ሜትር የምትሮጠው ማይተ የጎረቤቴ ልጅ ናት። በእጄ ነው ያደገችው። ከፈለግክ የእሷን ጥንድ ሌላ ሰው ያስጀምር።»

ሎታር ከመነጽሩ በላይ አያት። «በዚህ አገር ተንሸራታች የማያውቅ ሰው ይያዘው ብል ሽጉጡን ለማን ልሰጥ ነው? ለፖስተኛው?»

«ፖስተኛው የአጎቷ ልጅ ነው።»

ሎታር ሳቀ። «በይ ሂጂ። እኔ አንቺን አምናለሁ።»

ይህች ቃል ናት የከበደቻት። «አላምንሽም» ቢላት ይሻላት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የአዳራሹ መኪና ማቆሚያ ላይ ከመንደሩ አውቶቡስ ጋር ተገጣጠመች። ጉርበ ብርቱካንማ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ የማይተ ስም የተጻፈበትን ጨርቅ ከዱላ ላይ ሊያስር ይታገላል።

«ሂስከ!» ብሎ ጮኸ። «ለልጄ ትንሽ ቀደም አድርገሽ ተኩሺላት እንጂ!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ ዝም በል፤ እዚሁ አስሬ ሰኮናህን እንዳልከረክምልህ!» አለችው። ሳቁ ባሰ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ አልቆየም። ዛሬ ያ ሕዝብ ዓይኑን እጄ ላይ ነው የሚተክለው አለች በልቧ። ለዚያች ልጅ የፀጉር ያህል ባዳላ ያውቁብኛል። እነሱ ባያውቁ እኔ አውቃለሁ። እንግዲያው በሁለት ዓይኔ ነው የምጠብቃት።

የማይተ ጥንድ ተራው ደረሰ። በውስጠኛው መም ማይተ፣ በውጪው ዣናር የምትባል የካዛክስታን ልጅ። በሩጫው ደንብ ከሁለቱ አንዷ ከተኩሱ በፊት ከተነሳች ለሁለቱም ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ደግማ የተነሳችው፣ የመጀመሪያዋም ትሁን ሌላዋ፣ ትወጣለች። በመጀመሪያው ሙከራ ዣናር ፈጥና ተነሳች። ሂስከ ሁለተኛ ተኩሳ መለሰቻቸው። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ የሙዚቃ ባንዱ አንድ ሁለት ጊዜ ከበሮ መታ፤ ልጆቹ ዞረው ወደ መነሻው ተመለሱ።

«ወደ መነሻው!» አለች ሂስከ።

አዳራሹ ጸጥ አለ። የሄረንፌይን ሕዝብ እንዲህ ነው፤ እንደዚያ ሲጮህ ቆይቶ በመነሻ ሰዓት ትንፋሹን ይውጣል።

«ተዘጋጁ!»

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ሂስከ የማይተን ጉልበት እያየች ነበር። ጉልበቷ ጸንቶ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ እንደ ውሃ ላይ ቅጠል ነቅነቅ አለ። ጣቷ ያን ጊዜ ስቦ ነበርና ተኩሱ ወጣ፤ ልጆቹ ወጡ። ሂስከ ደግማ ተኮሰች።

ማይተ ከኩርባው ተመልሳ ስትመጣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኔ?» አለች።

ሂስከ በእጇ አመለከተቻት። አዎ፣ አንቺ።

ከዚያ የተቃውሞ ፉጨቱ ተጀመረ። ሂስከ በሥራ ዘመኗ ተፏጭቶባት ያውቃል፤ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማችም። ከላይ ከጣራው የሚወርድ ነበር የሚመስለው። ጉርበ ያለበትን ቦታ አልፈለገችም፤ ጨርቁ ግን ሳትፈልገው ዓይኗ ውስጥ ገባ። ዝቅ ብሎ ነበር። ማይተ ኮፍያዋን ከራሷ ላይ ገፋ አድርጋ፣ በመሐል ሜዳው በኩል ወጥታ ሄደች። ዣናር ብቻዋን ሮጠች፤ በቀኑ መጨረሻ ሦስተኛ ሆና መድረክ ላይ ቆመች። ሂስከ የቀሩትን ጥንዶች አስጀመረች።

በዳኞች ክፍል የአተር ሾርባ ቀርቦ ነበር። ሎታር ሲያልፍ ትከሻዋን መታ አደረጋት። «ከባድ ነበር፤ ግን ያየሽውን ነው የወሰንሽው።» ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን አንድ የቀድሞ ሯጭ እያወራ ነው፤ «የገዛ መንደሯን ልጅ! ስንቶቻችን እናደርገው ነበር? እንዲህ ያለ ዳኛ ነው የሚያስፈልገን።» በሩ ላይ ጋዜጠኛ ጠበቃት። «ምን ተሰማሽ?» አላት። «ራበኝ» አለችና ወደ መኪናዋ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ዎበ ድንችና ጎመን ቀቅሎ፣ ደፍጥጦ፣ ቋሊማ ጣል አድርጎበት ጠበቃት። በላች። እሱ አልበላም፤ ሹካውን ብቻ ያገላብጣል። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የጉርበ መልእክት ነው፤ «ሰኞ እንዳትመጪ። ላሞቹን ሌላ ሰው ያያቸዋል።»

አነበበችለት። ዎበ አንገቱን ደፋ።

«ምንድነው? ንገረኝ» አለችው። «አንተ ዝም ስትል ነገር አለ።»

«መነሻውን ደግሜ አየሁት። ደጋግሜ።»

«ተንቀሳቅሳለች አይደል?»

«ተንቀሳቅሳለች።» ተነስቶ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። «ግን ማይተን አትዪ። ሌላኛዋን እዪ።»

ምስሉን በዝግታ አስኬደው። ሁለቱ ልጆች ጎንበስ አሉ፤ ቆሙ። ከዚያ የዣናር የኋላ ትከሻ ወደ ፊት ሸተት አለ፤ ትንሽ፣ ዝንብ እንዳረፈባት ያህል። የማይተ ጉልበት የተንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። ጎኗ የቆመ ሰው ሲነቃነቅ አብሮ መደንገጥ የማንም ገላ ጠባይ ነው። ደንቡም ይህን ያውቃል፤ ቀስቃሿ ትወጣለች እንጂ የተቀሰቀሰችው አትወጣም።

«ደግመህ አሳየኝ» አለች ሂስከ።

ደገመላት።

«በቃ፣ አጥፋው።»

ዎበ አጠፋው። «ማንም አላየም እኮ፣ ሂስከ። ሎታር አላየም። ረዳትሽ አላየም። ቴሌቪዥን ላይ የሚለፈልፉትም አላዩም። እንዲያውም ጀግና አድርገውሻል።»

«እሱ እኮ ነው የገደለኝ!» ድምፅዋ ከፍ ስላለ ውሻው ከምድጃው ሥር ተነሳ። «ዣናርን አላየኋትም፣ ዎበ። ጭራሽ። ‹ለማይተ እንዳላዳላ› ስል ዓይኔን በሙሉ እሷ ላይ ጣልኩት። ሌላ ልጅ ብትሆን ሁለቱንም አይ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ ስለሆነች ነው የበደልኳት፤ እነሱ ደግሞ ለዚሁ ያጨበጭቡልኛል።»

ዎበ ተነሳ። ሳህኖቹን አነሳ፤ ሲያጥብ ከወትሮው ብዙ ቆየ።

እሑድ ጠዋት ሂስከ በቦዩ ላይ የተጋደመውን ሳንቃ ተሻግራ ወደ ጉርበ በረት ሄደች። የማለቢያ ማሽኑ ያንጎራጉራል፤ ጉርበ ላሞቹ መሐል ጎንበስ ብሎ ነበር። ጫማዋን አይቶ አወቃት።

«ሰኞ አትምጪ ነው ያልኩሽ» አለ ቀና ሳይል። «እሑድማ ጭራሽ።»

«የምነግርህ ነገር አለ።»

«ከቴሌቪዥን ሰምቼዋለሁ። የአገሩ ሁሉ ሐቀኛ ሆነሻል። ሐውልት እስኪያቆሙልሽ ምን ቀረ?»

«ተሳስቻለሁ፣ ጉርበ።»

አሁን ቀና አለ። እሷም ያየችውን ነገረችው፤ ሳታሳምር፣ ሳታሳጥር። ትከሻውን፣ ጉልበቱን፣ ደንቡን። እሷ ዓይኗ የት እንደነበርም ነገረችው። ላሟ ጅራቷን ወርውራ ፊቱን መታችው፤ ጉርበ አላወቀውም።

«እና አሁን ምን ይሁን?» አለ በመጨረሻ። «መድረኩን በኪስሽ ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«አይ። ምንም አልያዝኩም።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ከሰው ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ብዬ ነው።»

ጉርበ እጁን በልብሱ ላይ ጠረገ። ሲናገር ቁጣው አልነበረም፤ ሂስከን ያስፈራትም ይኼ ነው። «ትናንት ማታ ልጄ ደውላ ‹አባዬ፣ አልተንቀሳቀስኩም› አለችኝ። ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? ‹ሂስከ ካለች ተንቀሳቅሰሻል። ሂስከ አይታ ነው። እመኚና ተኚ› አልኳት። እንደዚያ ተናድጄብሽ፣ ልጄን ትቼ አንቺን ነው ያመንኩት።»

ጉርበ ወደ ላሞቹ ዞረ።

«ሂጂና ንገሪያት» አለ።

«ከሩጫዋ በፊት ነው በኋላ?» ማይተ ያን ቀን ከሰዓት ሁለተኛውን አምስት መቶ ሜትር ትሮጣለች።

«እኔ አባቷ ነኝ እንጂ አሰልጣኟ አይደለሁም። ሂጂ አሁን፤ ወተቴን አታስተጓጉዪ።»

ሎታር ምስሉን በክፍሉ ውስጥ አየው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገና ደግሞ አየው። «እውነትሽን ነው» አለ። «ውጤቱ ግን አይለወጥም። አስጀማሪ በወሰነው ላይ ይግባኝ የለም፤ ባለ ይግባኟ ራሷ አስጀማሪዋ ብትሆንም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አመጣሽው? ዝም ብትዪ እኔም በሰላም ቡናዬን እጠጣ ነበር።»

«አንተ ዘንድ ካልመጣሁ ማን ዘንድ ልሂድ?»

ሎታር መስኮቱን አየ። ከታች በረዶውን የሚያለሰልሰው መኪና ቀስ ብሎ ይዞራል። «ዛሬ ማረፍ ትፈልጊያለሽ? ሌላ ሰው አቆማለሁ፤ ‹አሞኛል› ትያለሽ።»

«አላመመኝም። አታስጀምሪ ካልከኝ አላስጀምርም። ምርጫው የኔ ከሆነ ግን እቆማለሁ።»

«ቁሚ እንግዲህ» አለ ሎታር። «ለቡድኖቹ እኔ እነግራለሁ። ለልጅቷ ግን አንቺ።»

ማይተ ከአዳራሹ በታች ባለው ሰፊ ኮሪደር ላይ ቋሚ ብስክሌት ስትነዳ ነበር፤ ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍናለች። አሰልጣኟ ሂስከን ከሩቅ አይቶ መንገዱን ዘጋ። ነገሩን በሹክሹክታ ስትነግረው ዓይኑ ፈጠጠ።

«አሁን? ከሩጫው በፊት? አብደሻል እንዴ? ነገ ንገሪያት። በደብዳቤ ንገሪያት። ዛሬ ግን በጭራሽ!»

«ምንድነው?» አለች ማይተ። ማዳመጫውን አውልቃለች። «እትዬ ሂስከ፣ ምንድነው?»

አሰልጣኙ «ምንም» አለ። ማይተ እሱን አላየችውም፤ ሂስከን ነው የምታየው። ሂስከም «ምንም» ልትል ትችል ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ትናንት ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ዣናር ናት። አንቺ የደነገጥሽው በእሷ ነው። መውጣት አልነበረብሽም።»

ማይተ ከብስክሌቱ ወረደች። ፊቷ ቀላ፤ ከዚያ ነጣ።

«ሌሊቱን ሙሉ እግሬን ስጠራጠር ነው ያደርኩት» አለች። «ታውቂያለሽ? የሆቴሉ መስታወት ፊት እየቆምኩ፣ ጎንበስ እያልኩ፣ እግሬ ሳላውቀው ይሄድ እንደሆነ ሳይ ነው ያደርኩት። ‹እብድ ሆኛለሁ ማለት ነው፣ ገላዬን አላውቀውም ማለት ነው› እያልኩ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው፣ ሂስከ? የት ላስቀምጠው?» «እትዬ» የምትለው ቀርታለች፤ ሂስከ ሰማችው። ማይተ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። «ዛሬስ ማነው የሚያስጀምረን?»

«እኔ ነኝ። አልፈልግም ካልሽ ለሎታር እነግረዋለሁ፤ ይቀይረኛል።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። አሰልጣኟ «ይቀየር፣ ይቀየር» እያለ ከጎን ይወተውታል።

«ዝም በል አንተ» አለችው። ወደ ሂስከ ዞረች። «እንግዳ ሰው ምን ያህል እንደሚያቆየን አላውቅም። ያንቺን አውቀዋለሁ። ሁለታችንንም እዪ ብቻ። አሁን ሂጂልኝ፤ እግሬን ልሰብስብ።»

ከሰዓት በኋላ የዳኞቹ ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ፣ ሂስከ ጋ ሲደርስ ግማሹ አዳራሽ አፏጨ። ሌላው ግማሽ፣ የትናንቱን የቴሌቪዥን ንግግር የሰማው፣ አጨበጨበ። የቱ እንደባሰባት እሷ ራሷም አላወቀችም። ማስጀመሪያዋ ሰገነት ላይ ወጣች። አንድ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ እያለ ሄደ። ሥራ ደግ ነገር ነው፤ ሰውን ከራሱ ያሳርፈዋል።

ማይተ ከአንዲት ጃፓናዊት ጋር ነበረች። ወደ መነሻው ስትመጣ ፉጨቱ እንደገና ተነሳ፤ ለእሷ ሲሉ ነው፣ ሂስከን ሊቀጡላት። ማይተ መስመሩ ላይ አልቆመችም። ወደ ኋላ ተንሸራታ፣ እጆቿን ዳሌዋ ላይ አድርጋ፣ ጣራውን እያየች ጠበቀች። ጃፓናዊቷም ጠበቀች። ቀስ በቀስ ሕዝቡ ገባው። ለሂስከ ብላ እንዳልሆነ ሂስከ ራሷ አልተጠራጠረችም፤ ሯጭ ጸጥታ ያስፈልገዋል። ጸጥታው ሲመጣ ልጅቷ ወደ መስመሩ ተጠጋች።

«ወደ መነሻው!»

ሂስከ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ቦታ የማንኛቸውም ጉልበት ለብቻው አይታይም፤ ሁለቱ ልጆች ግን እንደ አንድ ሥዕል አብረው ይታያሉ።

«ተዘጋጁ!»

ጎንበስ አሉ። ማይተ ድንጋይ ሆነች። ጃፓናዊቷም ድንጋይ ሆነች። ሂስከ ተኮሰች፤ ሄዱ።

ማይተ መነሻዋ ላይ ዘገየች። ሁለት ቀን የተገረፈ ፈረስ እንደሚነሳ ነው የተነሳችው፤ ፈርታ ተኩሱን በደንብ ካልሰማች አልሄድም ያለች ትመስላለች። የመጨረሻው ቀጥታ መስመር ላይ ግን የጠፋባትን ለቀመች፤ ሕዝቡ ቆሞ ጮኸ፤ ጨርቁ እንደገና ከፍ አለ። አምስተኛ ወጣች። መድረክ አይደለም። ለአንዲት ጀማሪ ግን የማያሳፍር ውጤት ነው። በሂስከ ፊት ስታልፍ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ በረዶው እያየች ነበር፤ ቀና አላለችም።

ዣናር ነገሩን ከቡድኗ ሰምታ ኖሮ ማታ ላይ መውጫው በር ጋ ሂስከን አገኘቻት። በአስተርጓሚ፣ መንቀሳቀሷን እንዳልተሰማት፣ ምስሉን ስታይ እንዳፈረች ነገረቻት። «አንቺ አላጠፋሽም» አለቻት ሂስከ። «ማየት የኔ ሥራ ነበር።» ተጨባብጠው ተለያዩ።

ሰኞ ጋዜጣው ጻፈው። አገሩም እንደ ልማዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ሰው ማለት እሷ» አለ፤ ሌላው «ዝም ማለት አትችልም ነበር? አሁን ማን አስጀማሪን ያምናል?» አለ። ከአስጀማሪዎቹ መሐል ሁለቱ ለወራት ሰላም አላሏትም። የኦልደዋል የድንች ጥብስ ሻጭ፣ ሂስከ ሱቁ በገባች ቁጥር ሹካውን ድስቱ ላይ ከፍ አድርጎ «ሂስከ፣ የትኛው ድንች ነው ቀድሞ የተንቀሳቀሰው?» ይላት ጀመር። ሰዉ ይስቃል። እሷም «የተቃጠለው» እያለች ትመልስለታለች። ቀልዱ እስከ ገና ድረስ ቆየ፤ ከዚያ በራሱ ሞተ።

ጉርበ ግን ቃሉን አላጠፈም። ላሞቹን ከሌላ መንደር የመጣ ሰው ከረከማቸው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ከኮፍያው ሥር «እ» ይላታል፤ እሷም «እ» ትለዋለች። ዎበ ሊያስታርቃቸው ፈልጎ አንድ ሁለት ጊዜ ሞከረ። «ተወው» አለችው ሂስከ። «የተናደደው በውሸት አይደለም። እስኪወጣለት ይናደድ።» ማይተ ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር ስትዞር ከረመች። ሂስከ በሌሎች ውድድሮች ሁለት ጊዜ አስጀምራታለች፤ ሁለቴም ሥራ ሥራውን ብቻ አይተው ተለያዩ።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ የጉርበ እናት ሞተች። እዚያው ግቢ ከኋላ ባለችው ትንሽ ቤት ነበር የምትኖረው፤ ዘጠና አልፏት ነበር። በኦልደዋል ሰው ሲሞት የመጀመሪያው ሥራ የጎረቤት ነው። በግራ ያለው ጎረቤት ለመንደሩ ያረዳል፤ በቀኝ ያለው ቤቱን ለእንግዳ ያሰናዳል። ይህን ልማድ ኩርፊያ አያስቀረውም። በቀኝ ያለችው ሂስከ ናት።

ሂስከ ጥቁር ልብሷን ለበሰች፣ የስኳር ዳቦ ገዛች፣ ሳንቃውን ተሻግራ በሩን አንኳኳች። ጉርበ ከፈተ። ያለ ኮፍያ ነበር፤ ራሰ በራ መሆኑን ረስታው ኖሯል።

«ሳትሰቃይ ነው?» አለችው።

«ተኝታ ነው። ሻይዋን ይዤላት ስሄድ...» ከበሩ ዘወር አለላት። «ግቢ፤ ብርድ ነው።»

ገባች። ኩባያዎቹ የት እንዳሉ ሳትጠይቅ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ጉርበ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጆቹን ያያል። ስለ እናቱ ጥቂት አወሩ፤ ስለ መቃብሩ ቦታ፣ ሬሳውን ስለሚሸከሙት፣ መሬቱ ስለመርጠቡ። ስለሌላ ነገር አላወሩም።

እኩለ ቀን ላይ ማይተ ከአውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋን እየጎተተች ደረሰች። አባቷን አቅፋ ቆየች። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ሳሎኑ ለሐዘንተኛው እንዲበቃ ትልቁ ጠረጴዛ ወደ ግድግዳ መጠጋት ነበረበት። አንዱን ጫፍ ይዛ ዘወር ዘወር ብላ አየች።

«እትዬ ሂስከ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ» አለች።

ሂስከ ሄዳ ያዘች። ጠረጴዛው ከባድ ነበር፤ የድሮ እንጨት ነው። ሁለቱም አነሱት፤ ወደ ጎን አዘነበሉት፣ እንደገና አስተካከሉት፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ወንበሮቹን ማምጣት ጀመሩ።